በቀን አራት መቶ ቃል

መኪና መንዳት የሚያስተምረው ሰውዬ ትክክለኛ ስሙ ከተረሳ ቆይቷል፤ ተማሪዎቹም ጎረቤቶቹም «ፍሬን» ነው የሚሉት። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» እያለ ሲጮህ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይባላል? ይህ ፍሬን ታዲያ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ይጽፍ ነበር ከማለት «እየጻፍኩ ነው» ይል ነበር ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል። በውርስ ቤት ምክንያት ስለተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች የጀመረው ታሪክ ለዓመታት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ፈቀቅ አላለም።

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ያልተቆጠረ ነገር አይዋጥላትም። አንድ ቀን የግድግዳ ካላንደር ገዝታ መጣችና ከፍሪጁ አጠገብ ሰቀለችው።

«በቀን አራት መቶ ቃል» አለችው። «የጻፍከውን ቁጥር በየቀኑ እዚህ ትሞላለህ። ካልጻፍክ ዜሮ።»

«ካልጻፍኩ ባዶውን ብተወውስ?»

«ባዶ የሚባል ቁጥር የለም።»

ፍሬን ላፕቶፑን በመኪናው ይዞ መዞር ጀመረ። አንዱ ተማሪ ወርዶ ሌላው እስኪመጣ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጽፋል። ሠመረለት። ካላንደሩ በቁጥር ሲሞላ ደረቱ አብሮ ተነፋ፤ እንግዳ ከመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ልስጥህ ብሎ ወደ ፍሪጁ ሳይወስደው አይለቀውም።

በዚህ መሀል አማቱ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገው፣ እስኪያገግሙ ልጃቸው ቤት ገቡ። ዕድሜያቸውን በስልክ ኦፕሬተርነት ያሳለፉ፣ ጨዋታ የለመዱ ሴት ናቸው። እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው መዋል ሲያንገሸግሻቸው «እስኪ ያንተን ነገር አምጣው» አሉት። ፍሬን አትሞ ሰጣቸውና እያፏጨ ወደ ሥራው ሄደ።

ሲመለስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ጠበቁት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ታናሽየው ከወንድሙ ጋ ሊታረቅ ከቤቱ ወጣ አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚደርሰው? መጀመሪያ ዛፍ አየ። ከዚያ የዛፉን ቅጠል አየ። ከዚያ ዝናብ መጣና ተጠለለ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የጫማውን ክር አሰረ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ሁለቴ ደርሼ እመለስ ነበር!»

ሚስቱ ሳቋን ለማፈን ፊቷን አዞረች። ፍሬን ግን ደሙ ፈላ።

«ካላንደሩን ይዩት እንጂ! አንድም ቀን አልጎደለም።»

«ቁጥሩማ ዐይን ይሞላል። እኔ የጠየቅኩህ ምን ተደረገ ነው።»

እራቱን በኩርፊያ በላ። በማግስቱ አንዱ ተማሪ ሲቀርበት መኪናው ውስጥ ገጾቹን ከላይ እስከ ታች አነበባቸው። አማቱ እውነታቸውን ነበር። አራት መቶዋን ለመሙላት ሲል ያንን ምስኪን ሰውዬ በየሱቁ ደጃፍ ሲያስቆመው ከርሟል።

ወደ ቤት ሲገባ ሚስቱ ከትምህርት ቤት ገና አልመጣችም። አማቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? በሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል አላውቅም። ለዚያ ነው የማንከራትተው።»

«እሱስ የሚያውቅ ይመስልሃል? እኔ ከታላቅ እህቴ ጋ ልታረቅ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ምን አልኳት መሰለህ? "ሽንት ቤታችሁ በየት ነበር?"»

ፍሬን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ታረቃችሁ?»

«ወጥቼ እጄን ስታጠብ ፎጣ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ያን ዕለት መንገዱን በሙሉ ሰረዘው። ሚስቱ ካላንደሩ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አይታ ክው አለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዛፉን ቆረጥኩት። ዝናቡም ቀረ።»

መምህርቷ ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ኔጋቲቭም ቁጥር ነው» ብላ ተወችው።

በነጋታው የጻፈው ከመቶ ቃል አያልፍም። ታናሽየው በሩን አንኳኳ፤ ታላቅየው ከፈተ። «ቤቱ አሁንም ያፈሳል?» አለ ታናሽየው። «ያፈሳል» አለ ታላቅየው። «ግባ።»

አማቱ አነበቡት። ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው «ከዚያስ?» አሉት።

ከዚያማ ሞተሩ ተነሣ። አንዳንድ ቀን ስድስት መቶ፣ አንዳንድ ቀን ሠላሳ ይጽፋል፤ ቁጥሩን መሙላቱን ባይተወውም ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው አማቱ ለሚጠይቁት ጥያቄ ሆነ። ጉልበታቸው ድኖ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጥያቄው በስልክ ቀጠለ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ተማሪ እየጠበቀ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጻፈ። ሚስቱ ጋ ደወለ፤ ክፍል ውስጥ ናት፣ አታነሳም። አማቱ ጋ ደወለ፤ መስመራቸው ተይዟል። እንዲህ ደስታውን ይዞ ሲቁነጠነጥ በሩ ተከፈተና ባለ ተራዋ ተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ሴትዮ፣ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ጨረስኩ!» አላት።

ደነገጠች። «ውይ፣ ዛሬ ትምህርት የለም?»

«አለ፣ አለ! ልብ ወለዴን ነው የጨረስኩት!»

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለችው፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ። «ታዲያ ልነሣ?»

«ተነሺ!»

መኪናዋ ሁለቴ ተንፈራግጣ ተነሣች። ፍሬን በመስኮቱ እያየ ለብቻው ይስቃል። አደባባዩን ደጋግመው ሲዞሩት ልብ እንኳ አላለም።

«መምህር፣ በየት በኩል ነው የምወጣው?» አለች ተማሪዋ በጭንቀት።

«ደስ ባለሽ!» አላት።