የክሎንሪ እንደራሴዎች

ብዙዬ ከአገሯ ርቃ፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ሚስተር ደላኒ የሚባሉ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ታስታምም ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ፣ መድኃኒታቸውን ከሰጠቻቸው በኋላ ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ የለፉበትን የክሎንሪን ታሪክ ታነብላቸዋለች። ክሎንሪ አያት ቅድመ አያቶቻቸው የተነሡባት ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ናት። ድሮ ደብሊን ወደነበረው ፓርላማ ሁለት ሁለት እንደራሴ ትልክ ነበር። መራጮቹ አሥራ ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም የሚመርጡት ባለርስቱ ጌታ ያዘዛቸውን ነው። በፈረንጆቹ 1800 ፓርላማው ራሱን አፍርሶ ከለንደኑ ጋር እንዲቀላቀል ሲወስን የክሎንሪ ወንበር በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን የእንደራሴዎቹን ስሞች ስታነብ ቆየችና፣ "የእርስዎ ዘመዶች እኮ መምረጥ እንኳ አይችሉም ነበር። ታዲያ እርስዎ እነዚህን ጌቶች ምን ብለው ይፈልጓቸዋል?" አለቻቸው።

"እነሱን አይደለም። ከመካከላቸው ስለ ክሎንሪ አንድ ቃል የተነፈሰ ይኖር እንደሆን ብዬ ነው። እስካሁን አላገኘሁም" አሉ። "ያንቺን አገርስ ማን ወከለው?"

"አባቴ" አለች ብዙዬ።

አባቷ አቶ ታደሰ በንጉሡ ዘመን በደሴ በኩል ያለው የቦረና ሰው መርጦ አዲስ አበባ የላካቸው እንደራሴ ነበሩ። ፓርላማው ሲዘጋ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ታስረው በዚያው ቀሩ። ፍተሻ መጣ ሲባል እናቷ ወረቀታቸውን ሁሉ አውጥተው በእሷ እጅ አስቃጠሏት። አንዱንም አላነበበችው።

"ፓርላማ ውስጥ ምን ተናገሩ?" አሉ ሽማግሌው ከትራሳቸው ቀና ብለው።

"የወለቃ ወንዝ ድልድይ ይሠራልን ያሉ መሰለኝ።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደሴ ላለው ወንድሟ ለመኮንን ደወለች።

"የምን ድልድይ? ስለ ሐኪም ቤት ነው እንጂ! ንግግራቸውን ሲለማመዱ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ" አላት።

ተከራከሩ። በመጨረሻ፣ "ድምፃቸውስ ትዝ ይልሃል?" አለችው።

"ሳላቸው ብቻ" አለ መኮንን።

ሰኞ ለሚስተር ደላኒ ነገረቻቸው።

"ሁለቱንም ጻፊ። ማን እንዳለው እየጠቀስሽ" አሏት።

በእንግሊዝኛ ጀመረችና ሰረዘችው። በአማርኛ ጻፈች፦ አቶ ታደሰ፣ የቦረና እንደራሴ። ልጃቸው ብዙዬ ስለ ድልድይ ተናገሩ ትላለች። ልጃቸው መኮንን ስለ ሐኪም ቤት ነው ይላል። ወረቀታቸውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

"በይ አንብቢልኝ" አሉ ሽማግሌው።

"አማርኛ ነው እኮ።"

"ግድ የለም።"

ብድግ ብላ ቆማ አነበበችላቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። ሚስተር ደላኒ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስክትጨርስ ጠበቋት።