ጮሌ ከመኪናው ኋላ

አሮጌው የጭነት መኪና መጀመሪያ የጠፋው ገና ድልድዩን እንደተሻገሩ ነው። ሞተሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ደጋግሞ አስነጠሰ፣ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። እህትየዋ መሪውን ጠምዝዛ ዳር አስያዘችው። ግራና ቀኙ በረዶ ተቆልሏል፣ የአስፋልቱ መሀል እንደ መስታወት ያንሸራትታል።

ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነው ነበር። መሪው ላይ እሷ፣ በሩ ጋ ታናሽ ወንድሟ፣ በመሀላቸው ደግሞ ብርድ ልብስ ተደራርቦላቸው የተቀመጡት እናታቸው። ከኋላ፣ ከሸራው ስር፣ የእናትየው አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የብረት ምድጃና የወጥ ቤት ዕቃ ታጭቋል። እናትየው በቅርቡ ደጃፋቸው ላይ በረዶ አንሸራቷቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ መሬት ላይ ቆይተዋል። ልጅቱ ይህን በስልክ ስትሰማ አላመነታችም። ከተራራው ማዶ ካለው ከተማ፣ አትክልት የምታመላልስበትን የአባቷን መኪና አስነስታ መጣች።

“እማዬ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖሪው” አለችና ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

ወንድምየው ነገሩ አልተዋጠለትም። አባታቸው በልጅነቱ ጮሌ ብለው ነበር የሚጠሩት፣ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። ለዓመታት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ድንገት እናቱ ቤት ከች አለ።

“እኔ አለሁ አይደል? ቤቷን ለምን ትለቃለች?” ብሎ ነበር።

“አንተ? አንድ ቦታ ቁጭ ብለህ ምሳህን ጨርሰህ ታውቃለህ?” አለችው እህቱ። “ስትወድቅስ የት ነበርክ?”

“ገበያ።”

“ገበያ!” አለችና ወደ ዕቃዋ ዞረች። ልቧ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚላት። እናቷ ከሄዱ ቤቱ ይዘጋል፤ ቤቱ ከተዘጋ ጮሌ መጠጊያ ያጣል። ለእናቱ አዝኖ ሳይሆን ለጣሪያው ነው ስትል ደመደመች።

ድልድዩ አጠገብ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ብርዱ ናፍጣውን አርግቶት ይሆን ብላ ፈራች፤ እሱን ፈርታ ግን ነጭ ጋዝ እንዲቀላቅልበት ለጮሌ አደራ ብላ ነበር። የፊልትሮው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ናፍጣ ኩልል ያለ ነው፣ የረጋ ነገር አይታይበትም። “እስቲ ይህቺን ያዝልኝ” ብላ የብሎን መፍቻውን ስትዘረጋ የሚቀበላት ሰው የለም። ጮሌ ከመኪናው ኋላ ብቅ አለ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

“የት ሄደህ ነው?”

“ሽንት ቤት ፍለጋ።”

 ጋቢናው ውስጥ ገብታ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ጥቂት አንገራግሮ ተነሳ። ምንም ሳትነካው መነሳቱ አላስደሰታትም።

ሁለተኛው ጥድ ጫካው መሀል ነበር። ጎማው ሳይቆም ጮሌ በሩን ከፍቶ ዘለለ። እናትየው ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው፣ “ልጄ፣ መኪናው ታሟል። እንመለስ ይሆን? ከዚህ ቤታችን ይቀርባል” አሉ።

“ትንሽ ነገር ነው እማዬ። አሁን ይነሳል።”

መለዋወጫ ፊልትሮ ይዛ ነበርና አሮጌውን ፈትታ ቀየረችው። ጣቶቿ ደንዝዘው ብሎኑ አልታዘዝ ብሏት ሳለ ጮሌ ተመልሶ መጣ። ሲጠጋት አሸተተችው።

“እጅህ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።”

“የናፍጣ መኪና ተሳፍሬ ሽቶ ሽቶ እንድልልሽ ፈልገሽ ነው?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። መኪናው እንደገና ተነሳ። እሷ ግን ፊልትሮው ነው ብላ ራሷን ማሳመን አልቻለችም። እየነዳች የትናንቱን ታሰላስል ጀመር። ናፍጣ ልሙላ ብሎ መኪናውን ብቻውን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ማደያው ቅርብ ሆኖ ሳለ ዘገየ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስትነቃ እሱ ከውጭ ሲገባ ነው ያገኘችው፣ በረዶ ስጠርግ ነበር አላት። መኪናው በጠፋ ቁጥር ከኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ በተመለሰ ቁጥር መኪናው ይነሳል። አንድ ነገር እየዘጋ ይከፍታል። ታክቷት እንድትመለስ ነው። በጎን መስታወቱ ታየው ጀመር፤ እሱ ደግሞ የመንገዱን ዳር እንጂ እሷን አያይም። አለማየቱም ራሱ ጥርጣሬዋን አባሰባት።

ሦስተኛው አቀበት ላይ ሆነ። ፍሬኑን ይዛ “እስቲ አሁን እንተያያለን” አለች ለራሷ። ጮሌ እንደ ልማዱ ዘሎ ወረደና ተሰወረ። እሷ ከጎማው ስር ድንጋይ ሽጉጥ አደረገችና ከታንኩ ናፍጣ የሚስበውን የእጅ ፓምፕ መሳብ ጀመረች። እጀታውን ስትስበው ይከብዳል፤ ስትለቀው ደግሞ አንድ ሰው ከወዲያ ጫፍ የሚጎትተው ይመስል ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከታንኩ የሚመጣ ናፍጣ የለም ማለት ነው። መንገዱን የዘጋበት ነገር አለ።

መፍቻዋን እንደያዘች በቀስታ ወደ ኋላ ዞረች። ጮሌ የነዳጁ ታንክ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። በአንድ እጁ ክዳኑን፣ በሌላው ረጅም ጭራሮ ይዟል። ጭራሮውን ታንኩ ውስጥ ሊከት ሲል ጥላዋ አረፈበት።

“ያዝኩህ!”

ጮሌ ደንግጦ ጭራሮውን ጣለው።

“እታለም፣ የምታስቢው አይደለም።”

“እኔ የማስበውን ማን ነገረህ? ምን እየከተትክበት ነው?”

“ምንም! እየለካሁ ነው። የናፍጣ ጌጁ አይሠራም አይደል?” አንገቱን ደፋ። “ትናንት ማደያው ሊያልቅበት ነበር። ግማሽ ብቻ ነው የቀዱልኝ። ሌላ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ሞላሁት ያልኩሽ ምላስሽን ፈርቼ ነው። በጠፋ ቁጥር አለቀ እያልኩ እየተሳቀቅኩ አያለሁ።”

“ታዲያ አልቋል?”

“አላለቀም። ያደርሰናል።”

አላመነችውም። ጭራሮውን አንስታ ራሷ ለካች፤ እውነትም ናፍጣ አለ። እዚያው እንደቆመች ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላት።

“በየጊዜው ክዳኑን ትከፍት ነበር?”

“እ።”

“ስትከፍተው ምን ይላል?”

“ፊሽሽ ይላል። አየር ወደ ውስጥ ይስባል።”

ክዳኑን ከእጁ ነጠቀችው። መሀሉ ላይ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ናፍጣው በቀነሰ መጠን በዚያ ቀዳዳ አየር ካልገባ ታንኩ ይታፈንና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ አልለቅ ይላል። ቀዳዳው ተደፍኗል። የቀጭን ሽቦ ጫፍ ከትታ ስትጎረጉረው ነጭ ነገር ወጣ። በጣቶቿ አሸችው፤ አሸተተችው።

“ሻማ ነው” አለች። “ጭቃ ቢሆን መንገድ ነው እል ነበር። ይሄ የሰው እጅ ነው። ግማሹን ተናዘዝክ፤ ሌላውንስ?”

የጮሌ ፊት አመድ መሰለ። “እኔ አይደለሁም።”

“ክዳኑን ከአንተ በቀር ማን ነካው?”

“እታለም ሙች፣ አላውቅም! እማዬ ትሙት!”

የጋቢናው መስኮት እየተንቋቋ ወረደ። የእናትየው ሻሽ ብቅ አለ።

“ምን አድርጌህ ነው የምትገድለኝ?” አሉ። “ተዪው ልጄን። ቀዳዳውን በሰም የደፈንኩት እኔ ነኝ።”

 ሁለቱም ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

“አንቺ?” አለች ልጅቱ። “አንቺ ይህን ከየት አወቅሽው?”

“አዲስ ሙሽሮች ሳለን ከአባታችሁ ጋር በዚህችው መኪና ስንሄድ ጭቃ ደፈነው። ሞተሩን ቁርጥራጭ እስኪሆን ፈታቱት። ነገሩ ክዳኑ ሆኖ ሲገኝ፣ ‘ለማንም እንዳትናገሪ’ ብለው አስማሉኝ። አልተናገርኩም። ዛሬ ጠዋት እናንተ ቁም ሳጥኑ በበር አልወጣ ብሏችሁ ስትጨቃጨቁ፣ የሻማ ቁራጭ በእጄ አሙቄ፣ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። መኪናው ገና ደጅ ላይ ይቆማል፣ ሰልችቷት ትተወዋለች ብዬ ነበር።”

“ገደል ብንገባስ እማዬ? ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነገርኩሽ እኮ። በስልክ ነገርኩሽ። ትናንት ነገርኩሽ። ‘ቤቴን አልለቅም’ ስልሽ፣ ድስቶቹን በጨርቅ እየጠቀለልሽ ‘እሺ እማዬ’ አልሽኝ።” ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። “መሀል መንገድ ላይ ልናገር ነበር። ሁለታችሁ እንደዚያ ስትነካከሱ ግን ፈራሁ።”

የልጅቱ ቁጣ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግራ ገባው። ክዳኑን በጨርቅ ጠረገች፣ ቀዳዳው ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አጸዳችና ገጠመችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

“አንተም ታውቅ ነበር?”

“አላውቅም ነበር።”

“እማዬ ብትመለስ አብረሃት ትቀመጣለህ? ወይስ ሻንጣህ ተዘጋጅቷል?”

“እቀመጣለሁ።”

“እንዲህ ስትል ስንቴ ሰምቼሃለሁ።”

“ብዙ ጊዜ” አለ ጮሌ፣ ሳይቆጣ። “አሁንም እቀመጣለሁ ነው የምልሽ።”

ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። አቀበቱን ወጡ። ጫፉ ላይ መንገዱ ሰፋ ሲል መኪናውን ቀስ ብላ አዞረችው። እናትየው ከብርድ ልብሱ ስር እጃቸውን አውጥተው የልጃቸውን ጉልበት ያዙ።

ቤት ሲደርሱ ዕቃውን መልሰው አወረዱ። አልጋው ግን ወደ ላይኛው ክፍል አልተመለሰም፤ እናትየው በውድቅት ሌሊት ደረጃ እንዳይወርዱ ብላ ልጅቱ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፣ ይህኛውን ግን አስቀድማ ጠየቀቻቸው። ጮሌ የደጃፉን በረዶ በአካፋ ፈለጠ፣ አመድ በተነበት፣ በመውጫው ደረጃ ዳር የእንጨት የእጅ መያዣ በምስማር መታ። እህቱ መያዣውን በሙሉ ኃይሏ ነቀነቀችው። አልተነቃነቀም። እንዲያም ሆኖ ከመሄዷ በፊት ጎረቤቲቱን ጠርታ “ሻንጣ ይዞ ሲወጣ ካየሽ ደውዪልኝ” አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሲመሽ ሲመሽ ትደውላለች። ስልኩን ጮሌ ሲያነሳ “ምርመራው ተጀመረ” ይላል።

“ለእማዬ ስጣት።” እናትየው ስልኩን ሲይዙ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። “እውነት እዚያው ነው?”

“ሳህን እያጠበ ነው።”

“ድምፁን አሰሚኝ።”

እናትየው ስልኩን ወደ ወጥ ቤቱ ይዘረጋሉ። የውሃ መንቧቧት፣ የሳህን መንኳኳት፣ የጮሌም ማጉረምረም ይሰማታል። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ እስኪሆን ድረስ እንዲህ ስትደውል ከረመች። ጮሌም አልሄደም።