እሸቴ ክሩን በጠሰ

ሰው ሲጮህ ማን እንደሚሰማው ዞር ብሎ ማየት አለበት። እሸቴ ግን መቼ አይቶ!

እሸቴ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ አናጺ ነው። ሔራንን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፤ አባቷ ጋሽ አላምረው ሁለቴም «የዚያችን ማንዶሊን የዛገ ክር ሳይቀይር ደጄ እንዳይደርስ፣ የሰፈሩን ጆሮ አሳመመች» ብለው መልሰዋል። ዛሬ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ይሄዳሉ። ዛሬ ካልሆነ ሔራን ከሮቢት ለጠየቃት ነጋዴ መሰጠቷ ነው።

ስለዚህ ከጧት ጀምሮ ማንዶሊኗን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያረጁትን ክሮች መፍታት ያዘ። ስምንት ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ። መቃኛው ዝጎ አልዞር ሲለው ተናደደና ሁሉንም በፒንሳ ቆራርጦ ጣላቸው። ወዲያው ከክሮቹ ሥር ቆማ የነበረችው እንጨት ተንሸራታ ወደቀች። ለካ ይዘዋት የኖሩት እነሱው ነበሩ!

አዲሱን ክር ከወልድያ የሚያመጣለት የሚኒባስ ሹፌሩ ጓደኛው ሙህሲን ነው። ደወለለት። ኔትወርኩ ሲቆራረጥበት ደጅ ወጥቶ ጮኸ፤ «ሙህሲን! ክሬን በጠስኩት እኮ! አዎ፣ ዛሬ! አርጅቶ ነበር፣ ምን ያደርግልኛል! አንተ ብቻ ቶሎ ድረስልኝ!»

ከመንገዱ ማዶ ቲማቲም የምትሸጠው ኡሙሃኒ ሰማች። በቆቦ «ክሩን በጠሰ» ማለት ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል፤ የአንገቱን ማተብ ጥሎ ሰለመ ማለት ነው። «ማሻአላህ!» ብላ ሚዛኗን ጥላ ተነሳች። ክፋት የላትም፤ ደስታ ግን አፏ ውስጥ አያድርም።

ሙህሲን እስኪደርስ ድረስ ሦስት ሰው እሸቴን «መብሩክ!» አለው። እሱ ለጋብቻው መስሎት «አሚን፣ አሚን» ሲል ዋለ። ምን ይደረግ ለዚህ ሞኝ!

ክሩን አስገብተው፣ እንጨቷንም መልሰው አቁመው እየቃኙ ሳለ ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። ጋሽ አላምረው ቤት ወንበር እንኳ አልቀረበላቸውም።

«'ማተቡን ለበጠሰ ልጄን አልሰጥም' አሉን። እሸቴ፣ እውነት ነው?»

እሸቴ ማንዶሊኗን እንደያዘ ሮጠ። ሙህሲን ተከተለው፤ ከማዶ ሰምታ ነገሩ የገባት ኡሙሃኒም ሙህሲንን ተከተለች።

ጋሽ አላምረው በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ «አንገትህን አሳየኝ!» አሉት።

የእሸቴ እጅ ኮሌታው ላይ ቀረ። ማተቡ አልቆ ከተበጠሰ ዓመት ሆኖታል፤ ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እየፈራ ቁልፉን ፈታ። መስቀሉ የተንጠለጠለው በአሮጌ የማንዶሊን ክር ነበር።

«አላህዬ፣ ምን አደረግኩ!» ብላ ኡሙሃኒ አፏን ያዘች።

«ጋሼ» አለ ሙህሲን፣ «የበጠሰው ስምንቱን ነው። ዘጠነኛው ይኸውልዎት።»

ጋሽ አላምረው መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። የእሸቴን አንገት ዝገት ዙሪያውን አቅልሞታል።

«አያሳክክህም?»

«ያሳክካል ጋሼ። መስቀሌን ከምጥል ብዬ ነው።»

የሔራን አባት ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፤ አልቻሉም። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ወደ ቤት ተጣሩ፤ «ሔራን! ጥቁር ክርና ፒንሳ ይዘሽ ነይ! ነይና የባልሽን ክር በጥሺለት!»

ኡሙሃኒ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ድንገት ዞር ብላ የተሰበሰበውን ጎረቤት አየች፤

«ኋላ እኔን እንዳትሉ! አሁን 'ክር በጥሺ' ያሉት እሳቸው ናቸው!»