የላላው ጥልፍ

ዩስቲና ከወንበሯ ተነሣች፤ እንደገና ተቀመጠች። ከማለዳ ጀምሮ እንዲህ ናት። የሜዳው ነፋስ የመስኮቱን መስታወት ያንገጫግጨዋል። የግድግዳው ስልክ ዝም ብሏል። ትናንት ታናሽ እህቷ ሄሌና ከዊኒፔግ ደውላ፣ "እሑድ ብመጣ እማዬ ታስወጣኛለች?" ብላት ነበር። ዩስቲና "መልሼ እደውልልሻለሁ" ብላ ዘጋችው፤ እስካሁንም አልደወለች።

እሑድ አያቶቻቸው ከሩሲያ ወደ ማኒቶባ የገቡበት መቶኛ ዓመት ይከበራል። ከዚያ በመርከብ የመጣው የጥልፍ ጨርቅ ከነቅጂው በቤተ ክርስቲያኑ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ነው። ጨርቁ ሲያረጅ የቤቱ ሴት ልጅ ድርና ማጉን ቆጥራ እንዳለ በአዲስ ጨርቅ ላይ ትገለብጠዋለች፤ ስሕተቱን እንኳ አታርመውም። ከግርጌው ደግሞ የእናቷን ልጆች ስም በሁለት በሁለት ፊደል ትጨምራለች፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ ትንሽ ዘውድ ይጠለፋል። ዩስቲና የቅጂውን ወፎችና ዛፍ ከጨረሰች ቆይታለች። የቀራት ግርጌው ነው። እናቷ አጋኔታ የወለደችው ስድስት፣ እሷ የጠለፈችው አምስት። ሄሌና እንደ ወጋቸው አድጋ ከተጠመቀች በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ውጭ ያለ ሰው አግብታ ከተወገዘች ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስሟ ተጠርቶ አያውቅም።

ጎረቤታቸው ሳራ ፔነር የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ገባች።

"አሁንም ትቆጥሪያለሽ? አንቺ እኮ መንግሥተ ሰማያት ደጃፍ ብትደርሺም ጴጥሮስን 'መጋረጃህ ስንት ድር ነው?' ሳትይው አትገቢም!"

"ተይኝ ባክሽ። ይልቅ ነይና ይህን እዪልኝ።"

ዩስቲና አሮጌውን ጨርቅ መስኮቱ ላይ ወጥራ ያዘችው። በአራተኛውና በአምስተኛው ስም መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ይሰፋል። ብርሃን ሲያልፍበት ባዶው ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ታዩ። በዐይን ሲከተሏቸው ሁለት ፊደልና አንድ ዘውድ ሆኑ።

ሳራ መፈልፈሏን አቆመች። "የአንዷን ስም ፈትተው አውጥተዋታል። ምስኪን!"

"እኔስ የሄሌናን ምን ላድርግ?"

"እኔን አትጠይቂኝ፤ እናትሽን እፈራለሁ" ብላ ሳራ ወጣች።

ዩስቲና ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች። ከዚያ በድንገት ተቀምጣ የሄሌናን ሁለት ፊደሎች ጠለፈች። ግን ክሩን ሳትስብ፣ ጫፉንም ሳታስር። በመቀስ ጫፍ ቢነኩት የሚፈታ ነበር። ዘውዱ ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አላት።

"አምጪው እስቲ።" አጋኔታ ምርኩዟን ይዛ ከበሩ ቆማለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ጥልፍ የምታነበው በጣቷ ነው።

ተቀምጣ ግርጌውን ዳሰሰች። "ያዕቆብ። ፔተር። ይቺ አንቺ ነሽ..." ስድስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። "ይህን ማን አዘዘሽ?"

"ማንም፣ እማዬ። ካልፈለግሽው እፈታዋለሁ።"

"እሱንማ እጄ ነገረኝ። እንዲፈታ አድርገሽ ነው የጠለፍሽው።" አሮጊቷ ጣቷን አላነሣችም። "በአሮጌው ጨርቅ ላይ አንድ ስም የፈታሁት እኔ ነኝ። ተወግዛ የወጣችው የአክስቴ የታኔ ስም ነበር። አያቴ ዐይኗ አላይ ብሏት መርፌውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ጠብቆ ተጠልፎ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ስጨርስ ከረሜላ ሰጡኝ።"

"አንቺስ ምን አደረግሽው?"

"በላሁታ!"

ነፋሱ መስታወቱን መታው። አጋኔታ ጨርቁን ወደ ልጇ ገፋችው።

"አጥብቂው። ዘውዱስ የታለ? የሌሎቻችሁ ላይ አለ አይደል እንዴ?"

ዩስቲና መርፌውን አነሣች፤ ክሩ ግን በቀዳዳው አልገባ አላት። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከረች። ስልኩን አየችው።

"መጀመሪያ ጨርሺው" አለች አጋኔታ። "ስልኩ የትም አይሄድም።"

ዩስቲና ግን ተነሥታ ነበር።