ከቅጥሩ ውጭ የተሰማ መሐላ

ሷሊህ ጀማሉዲን መካነ ሰላም ፍርድ ቤት በዳኝነት ሲሾም እስላሙ ደስ አለው፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ። ክርስቲያኑ ግማሹ ዝም አለ። ግማሹ፣ «ቃዲ ቤት አለላቸው አይደል? ጋብቻና ውርሳቸውን እዚያ ይዳኙ። እዚህ ወንበር ላይ ምን ይሠራል?» አለ። በአገሩ ከእስላም ያልተዛመደ ክርስቲያን ብርቅ ነው። ውሃ ከአንድ ምንጭ እንቀዳለን፤ ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን። ዳኝነት ላይ ግን ወንበሩ የአንድ ወገን ሆኖ ኖሯል።

የአውራጃው ገዥ ሹመቱን በሕዝብ ፊት አስነበቡና እንዲህ አሉ፦ «እስከ ፋሲካ ይሞከራል። ባለጉዳይ በሃይማኖቱ ምክንያት ሊዳኘኝ አልቻለም ብሎ አቤት ካለኝ፣ እውነትም ከሆነ፣ አነሳዋለሁ።»

ሷሊህ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

እኔ ክንፈ የችሎት አስከባሪ ነበርሁ። ዱላዬን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ከበር ላይ ብዙ ነገር ይታያል። እስከ ጥር ድረስ ክርስቲያኑ ሷሊህ ፊት ላለመቅረብ የማያመጣው ምክንያት አልነበረም። አንዱ ዋሴ አልደረሰም ይላል፤ ሌላው በቅሎዬ ታመመች ይላል። በሌላው፣ በክርስቲያኑ ዳኛ በር ግን ይጋፋሉ። ሷሊህ ባዶ ችሎት ፊት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

«አያ ክንፈ፣ ዛሬስ?» ይለኛል።

«ዛሬም የለም። አብሽር፣ አይዞህ» እለዋለሁ።

በጥር ሌላው ዳኛ ታመው ደሴ ሄዱ። የውበቱና የአድማሴ የድንበር ክርክር ለሷሊህ ደረሰ። ሁለቱም ክርስቲያን፣ ሁለቱም ጎረቤት ናቸው። ከሳሹ ውበቱ፣ «አድማሴ የአባቴን መሬት ገፍቶ ያርሳል» ባይ ነው። ገና ሲገባ እጁን አነሣ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ከዚህ ነገር እንዲነሡልኝ አመለክታለሁ።»

«በምን ምክንያት?»

«ምስክሬ እማማ አበቡ ናቸው። የሚምሉት ሚካኤል ደጅ ነው። ዳኛ መሐላውን በጆሮው መስማት አለበት፤ የአገሩ ወግ ነው። እርስዎ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገቡም። እንዴት ሊሆን ነው? ጥላቻ የለኝም፣ ወላሂ!»

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። አድማሴ አላለፈውም።

«በማን እየማልህ ነው አንተ? እንግዲያ መስጊድ እንውሰድሃ!»

«አፍህን ዝጋ፣ ድንበር ገፊ!»

መሬቱን በዱላዬ መታሁ።

ሷሊህ አልሳቀም። የሚያስቅም አልነበረም። መሐላውን ካልሰማ አይፈርድም። ካልፈረደ ውበቱ በቀጥታ ገዥው ዘንድ ይሄዳል፤ ወንበሩም ያን ቀን ያበቃል። ይህን ችሎት ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

«ልክ ነህ» አለው። «መሐላ ያልሰማ ዳኛ አይፈርድም። እንሂድ።»

የገበያ ቀን ነበርና ገበያተኛው ግማሹ ተከተለን። ሚካኤል ደጅ ስንደርስ ሷሊህ ጫማውን አወለቀና ከቅጥሩ ውጭ ቆመ። አልገባም።

«ይኸው!» አለ ውበቱ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «አላልኋችሁም?»

መምሬ መለሰ መስቀላቸውን ይዘው ከውስጥ ወጡ። ቁጡ ቄስ ናቸው።

«ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ዳኛው ውጭ ቆሟል፣ መምሬ። ከውጭ የተሰማ መሐላ ይጸናል?»

መምሬ ሷሊህን አዩት። ቀጥለው ውበቱን አዩት።

«ባለፈው እሑድ ቅዳሴ የት ቆመህ ሰማህ?»

ውበቱ ወደ ሕዝቡ ዞር ዞር አለ።

«የት?»

«እዚያው ነው» አለ፣ ሷሊህ የቆመበትን በአገጩ እያሳየ።

«ለምን አልገባህም?»

«ጠላ ቀምሼ ነበር።»

«እህ! በልቶ የመጣው፣ ጠጥቶ የመጣው፣ ግማሹ ምእመኔ እዚያ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። አንተ ከዚያ የሰማኸው ቅዳሴ ቅዳሴ ካልሆነ ንገረኝ፤ እኔም ሌሊት መነሣቴን ልተው። ቅዳሴ ከሆነ ግን እኒህ ዳኛም ከዚያው ቆመው መሐላ ይሰማሉ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

እማማ አበቡ ቀረቡ። ሷሊህ ከቆመበት፣ «እማማ፣ የማያውቁትን አላውቅም ማለት ነውር የለውም» አላቸው። እሳቸውም የደጁን መቃን በመዳፋቸው መቱ።

«በመሬቱ መካከል ካለው የክትክታ ቁጥቋጦ በታች የውበቱ አባት ሲያርስ አይቻለሁ። ከክትክታው በላይ አላየሁም። ብዋሽ ሚካኤል ይፍረድብኝ።»

ውበቱ መሬቱ ሁሉ የአባቱ ነው ይሉልኛል ብሎ ነበር ያመጣቸው።

ሷሊህ ያንኑ ዕለት ፈረደ። ከክትክታው በታች ለውበቱ፤ በላዩ ያለው ለአድማሴ ይጽና። ውበቱ ፊቱ ጠቁሮ ወጣ፤ ወደ ገዥው ግቢ ሮጠ። እኔም ተከተልሁት። ገዥው በረንዳ ላይ ነበሩ።

«አቤት! በዳኛው ላይ አቤት እላለሁ!»

«በሃይማኖቱ ነው?»

ውበቱ ግራ ገባው።

«የምን ሃይማኖት? ክትክታውን ነው እንጂ! ክትክታ ድንበር ይሆናል? በየዓመቱ ይሰፋል እኮ! ይህ ሰውዬ ግትር ነው፣ ጌታዬ። ዓይን ዓይኔን እያየ ፈረደብኝ፤ ልክ እንደዚያኛው ዳኛ!»

«እንግዲያ አቤቱታህ በፍርዱ ነው?»

«በፍርዱ ነው እንጂ በምን ይሆናል!»

«ይግባኝህን ደሴ ውሰድ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ተመልሼ ለሷሊህ ነገርሁት። ደጋግሞ ጠየቀኝ፦ «ግትር ነው አለ?»

«ግትር ነው አለ። እንደዚያኛው ዳኛ ነው አለ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ሲስቅ ያን ዕለት አየሁት።

ወዲያው ብዕሩን አንሥቶ የፍርዱን ግልባጭ ለይግባኙ መጻፍ ጀመረ። ለግልባጩ ተመልሶ የመጣው ውበቱ ፊቱ ቆሞ ያጉረመርማል።

«ፍጠን እንጂ፣ አያ ሷሊህ! የደሴው ጭነት መኪና ሊያመልጠኝ ነው።»