ሶፋ አዳሹና ሁለቱ ሰንጢዎች

ሶፋ አዳሹን ስትሮክ የመታው ሥራ ላይ እንዳለ ነው። የአሮጌ ወንበር ቆዳ እየገፈፈ ሳለ ሰንጢዋ ከእጁ ወደቀች፤ ላንሳት ብሎ ሲያጎነብስ እሱም እዚያው ተዘረረ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲወጣ እግሩ እየተጎተተም ቢሆን ይሄድለት ጀመር፤ አንደበቱም ተፈታ። ግራ እጁ ግን እንደተኳረፈ ዘመድ አጠገቡ ሆኖ አላየሁህም አለው። ሰንጢዋም በዚያ ግርግር መሀል ማን እንዳነሳት ሳይታወቅ ጠፍታ ቀረች።

ወደ ሥራ ልመለስ ባለ ጊዜ ታዲያ መጀመሪያ የፈለገው ሰንጢ ነው። ያለ ሰንጢ ሱሪ የታጠቀም አይመስለውም። ቆዳ የሚገፈው፣ ስፖንጅ የሚቆርጠው በሰንጢ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ብርቱካን የሚልጠውም በዚያችው ነው። አንዳንዴም ሰው ቤት ድረስ እየሄደ ስለሚሠራ ታጥፋ ኪስ የምትገባ መሆን አለባት፤ መዳፉ ሰፊ ስለሆነ ደግሞ ትንሽዬዋ አትያዝለትም።

ሚስቱ ክንዱን ደግፋ ቢላ ሻጩ ዘንድ ወሰደችው። ውጪ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ሁለት ትልልቅ ሰንጢዎች አውጥቶ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

አንደኛዋ እጀታዋ እንጨት ነው፤ ስለቷ ሰፊ ሆኖ ሲጨብጧት እጅ ትሞላለች። የምትከፈተው ግን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጥፍር ስለቷን ሲስቡት ነው። ሁለተኛዋ እጀታዋ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ስለቷ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ጉብታዋን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ቀጭ ብላ ትከፈትና ትቆለፋለች።

«ይቺን ይውሰዱ አባቴ» አለ ባለሱቁ ጥቁሯን እያስጠጋ። «በአንድ እጅ ከፍተው በዚያው እጅ ይዘጓታል። ለእርስዎ የተሠራች ናት።»

«ምን ሆንኩና ነው ለእኔ የተሠራችው?»

የባለሱቁ ዓይን ኮት ኪስ ውስጥ ወደተከተተው ግራ እጅ ሄዶ ተመለሰ። «እንዲያው ትቀላለች ለማለት ነው እንጂ…»

ሶፋ አዳሹ ጥቁሯን አነሳና ጉብታዋን ገፋት። ገና በመጀመሪያው ሙከራ ቀጭ ብላ ተከፈተች። ይህን ያህል መቅለሏ አስደነገጠው። እንደ ትኩስ ብረት ቶሎ ብሎ አስቀመጣትና የእንጨቷን ጨበጠ።

«ይቺን ስጠኝ። እጄ ሲድን ያቺን ፕላስቲክ ምን ላደርጋት ነው?» አለ፤ ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞሮ «ውሸቴን ነው?»

«አንተ የወደድካትን» አለች፤ ዓይኗ በር በሩን፣ ዝናቡን ያያል።

በማግስቱ ሥራ ቦታው ገባ። አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ «ጋሼ» ሲለው ነው የኖረው። ጋሼ ሰንጢዋን ከኪሱ አውጥቶ የስለቷን ጀርባ በጥርሱ ነክሶ ሲከፍታት ወንድሙ መዶሻውን አየር ላይ ይዞ ቀረ።

«ጋሼ፣ ልክፈትልህ?»

«አርፈህ ሚስማርህን ምታ።»

«ጠዋት ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጥልህስ?»

«ከዚያ ደግሞ ምሳዬን በማንኪያ ታጎርሰኛለህ?»

ወንድሙ ሊስቅም ሊያዝንም አልቻለም፤ ሚስማሩን መታ። ጥርሱ ሲነቃነቅበት ጋሼ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። እጀታዋን በጉልበቶቹ መሀል ቀርቅሮ ስለቷን በቀኝ እጁ መሳብ ጀመረ። ለጥቂት ቀናት ሠራለት። እንዲያውም «አየህ? ሰው ከፈለገ አያቅተውም» እያለ ይጎርር ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደለመደው በጉልበቶቹ ይዞ ከፈታትና የወንበሩን ጨርቅ መግፈፍ ቀጠለ። ጨርቁ አስቸጋሪ ስለነበር ከላብ ጋር እየታገለ ነው። ወንድሙ ድንገት መዶሻውን ጣለ።

«ጋሼ! እግርህ!»

ጎንበስ ብሎ አየ። የሱሪው ግራ እግር እስከ ታች በደም ርሷል፤ ጫማው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል።

«ማነው የደማው?» አለ። የምሩን ነው፣ አላወቀም።

«አንተ ነህ እንጂ ጋሼ…» ወንድሙ ጨርቅ አንስቶ ወደ እሱ ሮጠ።

በቀኝ እጁ ዳበሰው። ሰንጢዋ ስትከፈት ሾልካ ጭኑን በረጅሙ ሰንጥቃዋለች። ጣቱ ጭኑን አወቀው፤ ጭኑ ግን ጣቱን አላወቀውም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስሜት ያጣው እጁ ብቻ ይመስለው ነበር። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

ክሊኒክ ወስደው አሰፉት። ነርሷ «ማደንዘዣ ልውጋዎትና እንጀምራለን» ስትለው «እሱንስ አስቀድመው ወግተውኛል፣ አትድከሚ» አላት። የቀለደ መስሏት ሳቀች። ወንድሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ በደም የተበላሸውን ሱሪ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ታሸዋለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ ጠየቃት።

«ሱቁ ውስጥ ለምን ዝም አልሽ? ጥቁሯ እንደምትሻለኝ አውቀሽ ነበር።»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ?»

ማሸቷን ሳታቋርጥ «ያቺን ያዝ ብልህ እጅህ አይድንም ማለቴ አይደል?» አለች። «እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔም ይድናል ብዬ ነበራ።»

ይሄን ሁሉ ጊዜ መዳኑን የሚጠብቀው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ ውሃውን ደፍታ ሌላ ቀዳች።

ስፌቱ ሲፈታለት ብቻውን ወደ ቢላ ሻጩ ሄደ። ባለሱቁ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ጥቁሯን አውጥቶ ሰጠው። ሶፋ አዳሹም የእንጨቷን ለወንድሙ አሳለፈለት፤ ወንድሙም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ጥቁሯ ሰንጢ አላሳፈረችውም። ቀጭ ብላ ትከፈታለች፤ ቀጭ ብላ ትዘጋለች። ግን ሰንጢ መክፈት ብቻውን ሥራ አልሆነለትም። ቆዳ ሲቆረጥ የሚወጥረው ሌላ እጅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን ወንድሙ እየወጠረለት እሱ ቆረጠ፤ ለአንድ ቁራጭ ሁለት ሰው እየቆመ ሥራው ተጓተተ። ከዚያ ወንድሙ «ጋሼ፣ ይቺን እኔ ልጨርሳት፣ አንተ እረፍ» ማለት ጀመረ፤ ውሎ አድሮ ማለቱንም ተወ። ለጋሼ የተረፈው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ በክርን ተጭነው ሊቆርጡት ይቻላል።

በዚያ ወር መጨረሻ አንዲት እናት የታደሰላቸውን ሶፋ ሊወስዱ መጡ። ቆዳውን እያገላበጡ፣ ስፌቱን በጣታቸው እየተከተሉ አደነቁ።

«ማነው እንዲህ አሳምሮ የቆረጠው?»

«ጋሼ ነው» አለ ወንድሙ ቶሎ ብሎ፣ የቆረጠው ራሱ ሆኖ ሳለ።

ጋሼ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። ወንድሙ ዓይኑን ሰበረ። ሴትዮዋ ስፖንጁ አጠገብ ድረስ መጥተው ትከሻውን ነካ አደረጉት፤ የነኩት የማይሰማውን ግራውን ነበር።

«እጅዎ ይባረክ» አሉት።

«አሜን» አለና ስፖንጁን መቁረጥ ቀጠለ።