ዘጠነኛው አሻራ

አቶ ወልደዮሐንስ በንጉሡ ዘመን ስምንት ዓመት የምክር ቤት እንደራሴ ነበሩ፤ ዲላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አልጋ ከያዙ በኋላ ልጃቸውን ጽጌማርያምን ጠርተው፣ ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ራሳቸው አስጻፏት።

«የኮቸሬ ጭሰኞች፣ ባለርስቱ እንዳያፈናቅለን ብለው አቤቱታ ሰጡኝ በይ። አርባ ሁለት ሰው በጣቱ ፈርሞበታል። እኔ ግን አንድም ቀን እጄን አንስቼ አልተናገርኩም። ያስመረጠኝ ባለርስቱ ነበራ።»

«አባዬ፣ ይሄ ሰው ፊት ይነበባል?»

«ሙት ምን ያፍራል? ጻፊ።» ሊስቁ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው።

አቤቱታው ያን ጊዜም ከአልጋቸው ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ አረፉ። ጽጌማርያም ግን አባቷን ለሰው አፍ መስጠት አልሆነላትም። ያስጻፏትን ወረቀት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሌላ ጻፈች። የእድሩ ጸሐፊ ደመላሽ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ያነበበው የእሷን ነው። «የጭሰኞችን አቤቱታ ለምክር ቤት አቅርበው የተሟገቱ...» ሲል ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ገመቹ ቦሩ እባላለሁ። ከኮቸሬ፣ ከጨለለቅቱ ነኝ። ልጄ፣ ተናግሮልን ነበር ለካ።»

ንፍሮ እንዲቀርብላቸው በእጇ ጠቀሰች።

«እኛ እኮ ወረቀታችንን በልቶ ዝም አለ ብለን ነበር። ከመሬታችን ተነቅለን ስንወጣ አባቴ መንገድ ላይ ቆሞ ረገመው። እኔም ስረግመው ኖርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ የመጣሁት አፈር ሲገባ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። አሁን መቃብሩ ላይ ተንበርክኬ ይቅር በለኝ አልኩት።»

ጽጌማርያም የነጠላዋን ቋጠሮ ዳበሰች።

«ያ ወረቀት የት ይገኝ ይሆን?» አሉ ገመቹ። «አባቴ ፎቶ የለውም። ከእሱ የቀረ ነገር ቢኖር እዚያ ላይ ያለው ጣቱ ነው። ለልጆቼ ባሳያቸው ብዬ ነው።»

«ምክር ቤት... አዲስ አበባ ቀርቶ ይሆናል፣ አባቴ።»

«ይሁን። ከደረሰ ደግ ነው።»

መኪና እንዳያመልጣቸው ንፍሮውን ሳይቀምሱ ተነሡ። እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ እጇን ስመው ሄዱ።

ድንኳኑ በፈረሰ ቀን ሻንጣውን ከፈተች። ከየአሻራው ጎን ስም ተጽፏል። ቦሩ ዘጠነኛው ላይ ነበሩ። ወይን ጠጁ ቀለም አልደበዘዘም፤ አውራ ጣታቸውን ያቋረጠው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል።